የገና ኩኪስ ለምን ቀድሞ ይጋገራል?

እ.ኤ.አ. በ1796 አሚሊያ ሲመንስ የተባለች ሴት በአሜሪካ፣ በሃርትፎርድ ከተማ፣ አንዲት ቀጭን የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመች። በመጽሐፏ ውስጥ ለገና የሚሆን ኩኪስ አለ። የሚያስፈልገው ሦስት ፓውንድ ዱቄት (1 ኪሎ ከ360 ግራም ገደማ)፣ አንድ ፓውንድ ቅቤ፣ አንድ ፓውንድ ተኩል ስኳር፣ አንድ የሻይ ስኒ ሙሉ የተፈጨ ድምብላልና ከእንጨት አመድ ተጣርቶ በወተት የተበጠበጠ ጥቂት ነጭ ዱቄት ነው። ድምብላል በገና ኩኪስ ውስጥ መገኘቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ ይላል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የመመሪያው መጨረሻ ነው። ኩኪሱ ከምድጃ ሲወጣ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ በሸክላ ዕቃ ተደርጎ ምድር ቤት ወይም እርጥበት ያለው ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ግን ከስድስት ወር በኋላ ይለሰልሳል፣ ጣዕሙም ይሻሻላል ትላለች።

ስድስት ወር!

ዛሬ የአዲስ አበባ ኬክ ቤት ሻጭ የትናንቱን ኩኪስ «የትናንት ነው» ብሎ ለመናገር ያመነታል። የገና ኩኪስ ታሪክ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ይህ ምግብ ከመነሻው የተሠራው ቀደም ብሎ እንዲጋገር፣ ሳምንታትን እንዲቆይና በዓሉ ሲደርስ ከተቀመጠበት እንዲወጣ ነው። ማር የበዛበት፣ ቅመም የጠነከረበት፣ ስስና ደረቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በቤት ውስጥ ጋግሮ ያልተሳካለት ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በእጁ ወይም በኦቭኑ ላይ ያሳብባል። ብዙውን ጊዜ ግን የጎደለው ቀን ነው፤ ዛሬ ተጋግሮ ዛሬ መበላት የሌለበትን ነገር ትኩሱን ቀምሶ ስለፈረደበት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ደቡብ ጀርመን፣ ወደ ኑረምበርግ መሄድ ይሻላል። የዚህች ከተማ ስም ሌብኩኽን ከሚባለው የማርና የቅመም ብስኩት ተለይቶ አይጠራም። በከተማዋ ሰነዶች ውስጥ የሌብኩኽን ጋጋሪ ስም የሚገኘው ከ1395 ጀምሮ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለምን ኑረምበርግ? አንደኛ፣ በዙሪያዋ ያለው ጥቅጥቅ ደን ንብ የሞላበት ስለነበር «የግዛቱ የንብ አትክልት ቦታ» እስከመባል ደርሷል፤ ንጉሠ ነገሥት ካርል አራተኛም በ1350 ለደኑ ማር ቆራጮች ልዩ መብት ሰጥቷቸዋል። ሁለተኛ፣ ከተማዋ በንግድ መንገዶች መጋጠሚያ ላይ በመሆኗ ነጋዴዎቿ ከቬኒስ ጋር ይገበያዩ ነበር። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ዝንጅብሉና ቁንዶ በርበሬው ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ በአረብ ነጋዴዎች እጅ አልፎ፣ በቬኒስ በኩል የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ይደርሳት ነበር።

በ1487 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሦስተኛ በከተማዋ ሳለ የራሱ ምስል የታተመበት ሌብኩኽን አራት ሺህ ለሚሆኑ ሕፃናት እንዳስታደለ ይተረካል። ምስሉን በሊጥ ላይ አትሞ ለልጆች ያበላ ገዥ ሥልጣኑን በጥሩ ዘዴ አስተዋውቋል ማለት ይቻላል። ጋጋሪዎቹም ተራ ዳቦ ጋጋሪዎች አልነበሩም። በ1643 የራሳቸውን የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር አቋቁመው ከዳቦ ጋጋሪዎቹ ተለዩ። ከማኅበሩ ውጭ የሆነ ሰው ይህን ብስኩት ጋግሮ መሸጥ አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጾም ካልተነሣ ታሪኩ አይገባም፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢም ከብዙ ምዕራባውያን ይልቅ በቶሎ የሚረዳው ይህን ክፍል ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም በጥንት ዘመን ከገና በፊት ይጾም ነበር። በ581 በማኮን ከተማ የተደረገው ጉባኤ ከቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ማለትም ከኖቬምበር 11፣ እስከ ገና ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾም ደንግጓል። በመካከለኛው ዘመን በብዙ ቦታ ጾሙ ሥጋን ብቻ ሳይሆን ቅቤን፣ ወተትንና ዕንቁላልንም ይከለክል ነበር። የወይራ ዛፍ የሚበቅልበት የደቡብ አውሮፓ ሰው በዘይቱ ያበስላል። ወይራ የማይበቅልበት ሰሜን ግን ከቅቤ ሌላ ጥሩ ቅባት አልነበረውምና ጾሙ ከበደው።

ስለዚህ የሰሜኑ መሳፍንት ወደ ሮም ጻፉ። በ1491 ፖፕ ኢኖሰንት ስምንተኛ ለሳክሶኒ «የቅቤ ደብዳቤ» በመባል የሚታወቀውን ፈቃድ ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ በድሬስደን የሚጋገረው የገና ዳቦ፣ ሽቶለን፣ በዘይት ፋንታ በቅቤ መሠራት ጀመረ። ፈቃዱ በነጻ አልነበረም፣ ገንዘብ ይከፈልበት ነበር። በፈረንሳይ የሩዋን ካቴድራል አንደኛው ግንብ እስከ ዛሬ «የቅቤ ግንብ» የሚባለው በጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ በገዙ ምእመናን ገንዘብ ስለተሠራ ነው። ማርቲን ሉተር በ1520 ለጀርመን መኳንንት በጻፈው ጽሑፍ ከተቃወማቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የቅቤ ፈቃድ ሽያጭ ነበር። ለገና ዳቦ የሚገባ አንድ ማንኪያ ቅቤ እስከ ተሐድሶ ክርክር ድረስ መድረሱ ለማመን ያስቸግራል፤ ነገር ግን የተጻፈ ታሪክ ነው።

የጥንቱ የማር ብስኩት ከዚህ ክርክር ውጭ ነበር። ማር፣ ዱቄትና ቅመም፤ በቃ። ቅቤም፣ ወተትም፣ ዕንቁላልም የለበትም። ዕንቁላል ቢፈቀድ እንኳ በዚያ ወቅት አይገኝም ነበር፤ በሰሜን አውሮፓ ክረምት ቀኑ በጣም ስለሚያጥር ብርሃን ያነሳት ዶሮ መጣል ታቆማለችና።

አሁን ወደ ሊጡ እንግባ። ማር ውኃን ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው። በማር የተጋገረ ብስኩት ሲወጣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። የአሚሊያ ሲመንስ ኩኪስ በስኳር የተሠራ ቢሆንም እርጥበት ያለው ክፍል ያስመረጣት ይኸው ሐሳብ ነው። ከዚህም በላይ የጀርመን ጋጋሪዎች የማሩን ሊጥ ራሱን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው ያቆዩታል። ሲቆይ በውስጡ ቀለል ያለ አሲድ ይፈጠራል። ሊጋገር ሲል ከአመድ የሚገኘው ፖታሽ ሲጨመርበት ከአሲዱ ጋር ተዋህዶ ጋዝ ይፈጥራል፣ ብስኩቱም በመጠኑ ይነሣል። እርሾ በዚህ ሊጥ ውስጥ አይሠራም ማለት ይቻላል፤ የማሩ ብዛት ያፍነዋል። ቅመሙም ጊዜ ይፈልጋል። የቅርንፉድና የገውዝ ዘይት መጀመሪያ ላይ ለየብቻው ይሸታል፤ ከአሥር ቀን በኋላ ግን የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

ሌላው አስገራሚ ብስኩት በደቡብ ጀርመንና በስዊዘርላንድ የሚታወቀው ሽፕሪንገርለ ነው። ነጭ፣ የአኒስ ሽታ ያለው፣ በተቀረጸ እንጨት ላይ ታትሞ የሚወጣ ነው። በላዩ ፈረሰኛ፣ መልአክ፣ አበባ ወይም የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይታያል። ሊጡ ከታተመ በኋላ ወዲያው አይጋገርም፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ክፍት ቦታ ላይ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ የላዩ ቆዳ ስለሚጠነክር ሲጋገር ወደ ጎን መስፋትም ሆነ መሰንጠቅ አይችልም፤ ከሥር ብቻ ተነሥቶ እግር የመሰለ ጠርዝ ያወጣል፣ ምስሉም ሳይበላሽ ይቀራል። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ፈረሰኛው ፊቱ ጠፍቶ ያገኘዋል። የሚያስነሣው ንጥረ ነገርም ድሮ ከአጋዘን ቀንድ ይወጣ የነበረ የአሞኒያ ጨው ነው። ሲሞቅ ወደ አሞኒያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ተበትኖ ይጠፋል፤ ኦቭኑ ሲከፈት አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሽታው መውጫ የሚያገኘው ብስኩቱ ስስና ደረቅ ሲሆን ብቻ ስለሆነ በወፍራም ኬክ ውስጥ አይገባም።

በኔዘርላንድና በቤልጅየም ደግሞ ስፔኩላስ አለ። በዲሴምበር መጀመሪያ፣ በቅዱስ ኒኮላስ በዓል ሰሞን፣ በእንጨት ቅርጽ ታትሞ የሚጋገር ቡናማና ተሰባሪ ብስኩት ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ገውዝ ይበዛበታል። ገውዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዓለም ላይ የሚገኘው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ባሉት ጥቃቅን የባንዳ ደሴቶች ብቻ ነበር። የደች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አዛዥ ያን ፒተርስዞን ኩን በ1621 ደሴቶቹን በጦር ያዘ፤ ከነዋሪው አብዛኛው ተገደለ፣ በረሃብ አለቀ፣ ሸሸ ወይም በባርነት ተጋዘ። እንግሊዞች ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው በሩን ላይ የነበራቸውን የይገባኛል ጥያቄ የተዉት በ1667 በብሬዳ ውል ሲሆን፣ በዚያው ውል ማንሃተን በእጃቸው ቀረች። ስለ በዓል ጣፋጭ የሚጻፉ ጽሑፎች ይህን አብዛኛውን ጊዜ ያልፉታል። ማለፍ ግን ተገቢ አይደለም፤ የቅመሙ ዋጋ የማን ደም እንደነበር ሳይነገር የብስኩቱ ታሪክ ሙሉ አይሆንም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በአብዛኛው የባለሙያ ጋጋሪ ሥራ ነው። «የቤት ኩኪስ» የምንለው ነገር ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ አዲስ ነው፤ በጀርመንና በኦስትሪያ ተራ ቤቶች የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሦስት ነገሮች ረድተውታል። የመጀመሪያው ስኳር ነው። አንድሬያስ ማርግራፍ በ1747 ከሥር ተክል፣ ማለትም ከቢት፣ የሚወጣው ስኳር ከሸንኮራው ጋር አንድ መሆኑን አረጋገጠ፤ ተማሪው ፍራንዝ አካርድ በ1801 በሲሌዥያ የመጀመሪያውን የቢት ስኳር ፋብሪካ መሠረተ። በካሪቢያን ባሮች ጉልበት ይመረት የነበረው የሀብታም ቅንጦት ቀስ በቀስ የገበሬ ቤት ደረሰ። ሁለተኛው ኦቭን ያለው የብረት ምድጃ ወደ ማድቤት መግባቱ ነው። ሦስተኛው ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ በቢሌፌልድ ከተማ መድኃኒት ቤት የነበረው አውጉስት ኧትከር ከ1890ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት የሚበቃውን መጠን አስቀድሞ መዝኖ በትንሽ ከረጢት መሸጥ ጀመረ። ዱቄቱን የፈለሰፈው እሱ አይደለም። የሱ ብልሃት የቤት እመቤቷን ከመገመት ማዳኑ ነበር።

ቫኒላም የዚያው ዘመን ስጦታ ነው። የቫኒላ ተክል ከሜክሲኮ ወጥቶ ሌላ አገር ሲተከል ያብባል እንጂ አያፈራም ነበር። በ1841 በሬዩኒየን ደሴት ኤድመንድ አልቢየስ የተባለ የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ አበባውን በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ የሚያዳቅልበትን ዘዴ አገኘ። ዛሬም ቫኒላ የሚመረተው በዚሁ መንገድ ነው። በ1874 ደግሞ ሃርማንና ቲማን የተባሉ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ዋናውን የቫኒላ መዓዛ በቤተ ሙከራ ሠሩ። የቪየናው የጨረቃ ቅርጽ ኩኪስ፣ ቫኒለኪፕፈርል፣ ያለ እነዚህ ሁለት ግኝቶች ተራ ቤት ውስጥ ባልተሠራ ነበር። ቅርጹ በ1683 ቪየናን ከከበቡት ቱርኮች ሰንደቅ የተቀዳ ነው የሚለው ወሬ ግን ተረት ነው፤ ጨረቃ የመሰለ ዳቦ በኦስትሪያ ከዚያ ከበባ በፊትም ነበር።

ለኢትዮጵያዊ ቤት ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? የኢትዮጵያ ገና ድፎ ዳቦና ዶሮ ወጥ አለው፤ ኩኪስ ባይኖረው አይጎድልበትም። ነገር ግን በከተማ ቤቶች ኦቭን እየተለመደ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። በጀርመን፣ በአሜሪካ ወይም በስዊድን የሚያድጉ ልጆች ደግሞ ዲሴምበር ሲገባ ከትምህርት ቤት የኮከብ ቅርጽ ብስኩት ይዘው ይመጣሉ፤ ቤት ውስጥ ግን ከኅዳር 15 የጀመረው የነቢያት ጾም እስከ ገና ዋዜማ ይቀጥላል። ልጁ በእጁ የያዘው ቅቤና ዕንቁላል ያለበት ሊሆን ይችላል። እናት በዚህ ጊዜ የጥንቱን የማር ብስኩት ብታውቅ ይጠቅማታል። የገበያውን የምትገዛ ከሆነ ግን ማሸጊያውን ታንብብ። በኑረምበርግ ከሁሉ የተከበረው ኤሊዘን ሌብኩኽን ቢያንስ 25 በመቶ አልሞንድ፣ ሃዘልነት ወይም ዋልነት ሊኖረው፣ ዱቄቱ ደግሞ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። እንዲህ ዱቄት ያነሰውን ሊጥ የሚያያይዘው አብዛኛውን ጊዜ ዕንቁላል ነው።

በጾም የሚጋግር ሰው አንድ ችግር አለበት፤ መቅመስ አይችልም። የኢትዮጵያ ባለሙያ ሴቶች የበዓሉን ወጥ በዋዜማው ሳይቀምሱ፣ በሽታውና በዐይን ብቻ ጨውና ቅመሙን አስተካክለው ያወጣሉ። ኩኪስ ግን በዚህ ችሎታ አይሠራም። ሊጡ ምድጃ ከገባ በኋላ ውኃ ወይም ቅመም አይጨመርበትም፤ ስለዚህ ትንሽ የማድቤት ሚዛን ያስፈልጋል። በስኒና በማንኪያ ዱቄት መለካት ያታልላል። የተጠቀጠቀ ስኒና የተነፋ ስኒ ዱቄት በክብደት እጅግ ይለያያሉና።

ለማሩ ብስኩት 250 ግራም ማርና 100 ግራም ስኳር ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጋር ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ይሞቃል፤ አይፈላም። ሲበርድ 400 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ድምብላል፣ ግማሽ ግማሽ ኮረሪማና ዝንጅብል፣ ጥቂት ቅርንፉድና አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ቤኪንግ ሶዳ ይገባበታል። ሊጡ የሚጣበቅ ከሆነ ጥቂት ዱቄት ይጨመርበት። ኮረሪማ በጀርመኑ ውስጥ የለም፤ የእነሱ ሄል ነው። ኮረሪማው ግን ከማር ጋር ሲገናኝ ከሄል የበለጠ ይስማማል፤ ይህ የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ነው፣ የማይስማማ ሊኖር ይችላል። ሊጡ ተሸፍኖ ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ብዙ ቀን፣ ይደር። ከዚያ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ተዳምጦ፣ በቅርጽ ማውጫ ወይም በብርጭቆ አፍ ተቆርጦ፣ በ175 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋገራል። ሲበርድ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ ከጥቂት የብርቱካን ልጣጭ ወይም ከአንድ ቁራጭ ፖም ጋር ይቀመጣል። ልጣጩ በየሁለት ቀኑ ካልተቀየረ ይሻግታል።

ቅቤ ያለበትን የሚመርጥ የቪየናውን ይሥራ። 280 ግራም ዱቄት፣ 210 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም የተፈጨ አልሞንድ፣ 70 ግራም ስኳርና ቫኒላ ይበቃዋል፤ ዕንቁላል የለበትም። አልሞንድ ውድ ከሆነ ቀለል ተደርጎ የተቆላ ኦቾሎኒ ይተካዋል፤ ጣዕሙ ይለያል እንጂ አያሳፍርም። የተነጠረ የአበሻ ቅቤ ግን እዚህ አይሆንም። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 ያህል ስብ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው፤ የተነጠረው ግን ውኃው ስለወጣለት ሊጡ አይያያዝም፣ ኩኪሱም እንደ አሸዋ ይፈርሳል። በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ከሆነ ደግሞ ቫኒላውን ይውጠዋል።

የአዲስ አበባ ከፍታም ይታሰብበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነም ጋዝ ይበልጥ ይነፋል። በቆላ ወይም በአውሮፓ የተጻፈ መመሪያ ቃል በቃል ሲከተሉት ኩኪሱ ተነሥቶ ይወድቃል፣ ወይም በትሪው ላይ ይፈስሳል። ቤኪንግ ሶዳውን ወይም ፓውደሩን ሩብ ያህል መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከላይ የተሰጠው የሶዳ መጠን ለዚህ ከፍታ የታሰበ ነው፤ በጅዳ ወይም በዋሽንግተን የሚጋግር ሰው ማንኪያውን ይሙላው።

በአውሮፓ ያሉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ጥቅም አላቸው። ከዲሴምበር 25 በኋላ በየሱቁ የተረፈው ሌብኩኽን፣ ስፔኩላስና የብስኩት ቅመም ዋጋው ይወርዳል፤ የእኛ ገና ግን ገና አልደረሰም። ከማሩ ብስኩት ሁለት ሳምንት ማለፉ የሚቀንሰው ጣዕም የለም።

ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው። ዘንድሮ ለመሞከር ያሰበ ሰው ሊጡን ታኅሣሥ 10 ላይ ያቡካ፣ 15 ላይ ይጋግር፣ ጣሳውንም ልጆች ከማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥ። የቫኒላውን ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት ቢጋግረው ይደርስለታል።